«ወደቅኩ» ለማለት የማይፈራ ልጅ

ይድረስ ለሲስተር፣

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ በዕረፍት ሰዓት ግቢያችን ካለው፣ ፍሬው ከሚበላው የሮቃ ዛፍ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ወዲያው ተነሥቶ መሮጥ ስለጀመረ ማንም ነገሬ አላለውም። ለእኔም አልነገረኝም፣ ቤትም ሲገባ አልተናገረም። ማታ ሲያስታውክ ነው እናቱ የደነገጠችው። ሆስፒታል አድሮ «ደህና ነው» ተብሎ ወጣ፤ አሁን ተመልሷል። ብቻ እንደ ድሮው አይደለም። ቦርድ ላይ የጻፍኩትን ለመገልበጥ ይዘገያል፣ ዴስኩ ላይ ይደፋል፣ ይነጫነጫል። ሰንፎ ነው እላለሁ።

ርእሰ መምህሩ ከዚያ ወዲህ ስለ ጭንቅላት ጉዳት ትምህርት እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ከኢንተርኔት ሥዕል አወረድኩ፤ ሄልሜት አድርገው ሳይክል የሚነዱና በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች ናቸው። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። አንዱ «ቲቸር፣ በረዶው የት ነው ያለው?» አለ፣ ያውም በድሬ ሙቀት! ሳይክል ከሚከራዩት ውስጥ ሄልሜት አድርጎ የሚያውቅ አንድም የለም። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ ላይ አታሟርቺ» ብላ ቢሮ ድረስ መጣች። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ሳላስፈራራቸው ምን ላስተምር? የተመታ ልጅ መተኛት የለበትም የሚባለውስ እውነት ነው?

መ. ነኝ፣ ከሳቢያን

ውድ መምህርት፣

ትምህርቱ ይቆየንና ከልጁ እንጀምር። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ «ሰንፎ ነው እላለሁ» ብለሽ እግረ መንገድሽን ያለፍሽው ነገር ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመገልበጥ ከዘገየ፣ ከደከመው፣ ያለ ምክንያት ከተነጫነጨ፣ ስንፍና ነው ከማለት በፊት አንጎሉ ገና አላገገመ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይቀድማል። ሐኪሞች የአንጎል መናወጥ የሚሉት ጉዳት በራጅም ሆነ በሲቲ ስካን ላይታይ ይችላል። «ደህና ነው» ተብሎ መውጣቱ የሚያስቸኩል ነገር የለበትም ማለት እንጂ ድኖ አበቃ ማለት አይደለም። አብዛኛው ልጅ በአራት ሳምንት ገደማ ይሻለዋል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይበትም አለ።

ስለዚህ እናቱን ጥሪያትና ክፍል ውስጥ ያየሽውን አንድ በአንድ ንገሪያት፤ ሐኪሙ ዘንድ መልሳ ትውሰደው። ሐኪሙ የሚጠይቃትን ነገር እሷ ልትመልስ አትችልም፤ ቀኑን ሙሉ የምታይው አንቺ ነሽ። በወረቀት ጽፈሽ ብትሰጫት ደግሞ የተሻለ ነው። እስከዚያው ከመስኮቱ ፀሐይ አርቀሽ ከፊት አስቀምጪው፣ ማስታወሻውን ጓደኛው ይገልብጥለት፣ ፈተና ከደረሰ አቆይለት። ራሱን ሲያመው አሥር ደቂቃ ዴስኩ ላይ ቢደፋ ተዪው። ኳስ፣ ሩጫና ዛፍ መውጣት ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ የለም። መጀመሪያ ትምህርቱን እንደ ድሮው መከታተል ይቻለው፣ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ያላገገመ አንጎል ዳግመኛ ከተመታ ጉዳቱ ይብሳል። ራስ ምታቱ እየጠነከረ ከሄደ፣ ማስታወክ እንደገና ከጀመረ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

አሁን ወደ ትምህርቱ።

ሥዕሎቹን ተያቸው። ተማሪዎችሽ መሳቃቸው ልክ ነው። አንዳንዱማ ከማሳቅም አልፎ ያሳስታል። ሥዕሉ ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ ይላል፤ እዚያ መኪና የሚሄደው በግራ ነዋ! የእኛ ልጅ መጀመሪያ ማየት ያለበት ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ግራ ነው።

ከውጭዎቹ የምወስደው ነገር ቢኖር አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው የጀመሩት፣ ኋላ «ቲንክ ፈርስት» የተባለ ፕሮግራም አለ፤ «መጀመሪያ አስቡ» እንደማለት ነው። ለተማሪዎች የሚናገሩት ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ራሱ፣ በተሽከርካሪ ወንበርም ቢሆን፣ መጥቶ ምን እያደረገ እንደተጎዳ ይነግራቸዋል። ልጅ ከሥዕል ይልቅ ሰው ያምናል። ይህን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፣ ያቺን የተቆጣች እናት በተመለከተም ይጠቅምሻልና።

የአንቺ ትምህርት ግን ከሄልሜትም፣ ከሥዕልም፣ ከበረዶም መጀመር የለበትም። የጻፍሽልኝ ታሪክ ራሱ ከየት እንደሚጀመር ይናገራል። ልጁ ወደቀ፤ ለማንም አልተናገረም። ለምን? ሮቃው ላይ መውጣት ክልክል ነው። ቢነግርሽ ትቀጪዋለሽ። ቤት ሄዶ ቢናገር «ማን ውጣ አለህ?» ተብሎ በወደቀበት ላይ ይደገመዋል። እኛ አገር የወደቀ ልጅ ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው፤ አንድ ጊዜ መሬት፣ አንድ ጊዜ ወላጁ። ታዲያ ልጁ ሞኝ ነው እንዴ የሚናገረው? ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ስሠራ ዘግይተው የሚመጡትን ልጆች «ለምን ወዲያው አልተናገርክም?» ስንላቸው ሐኪሙን ሳይሆን አባታቸውን ነበር ቀና ብለው የሚያዩት። የአንጎል ጉዳት ደግሞ ሰዓት የሚቆጠርበት ነገር ነው። ሠላሳ የጥንቃቄ ሕግ ከሚያውቅና ከሚደብቅ ልጅ አንድም ሳያውቅ «ቲቸር፣ ወድቄ ጭንቅላቴን ተመታሁ» የሚል ልጅ ይሻለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ለልጆቹ ሳይሆን ለእናንተ ለመምህራኑ ነው፤ ደስ ላይላችሁ ይችላል። የኩርኩም ነገር! አንድ ኩርኩም አንጎል ያበላሻል ልልሽ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አያበላሽም። ጆሮ ላይ ያረፈ ጥፊ ግን ታምቡር ሊቀድ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ጠዋት «ጭንቅላታችሁን ጠብቁ» ብሎ ከሰዓት የቤት ሥራ ያልሠራውን ጭንቅላቱን የሚኮረኩም መምህር ጭንቅላት የሚመታ ቦታ መሆኑን ነው ያስተማረው። ልጆቹ የሚይዙት ሁለተኛውን ነው። ሕጉም የታወቀ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ርእሰ መምህሩ ትምህርቱን ካዘዙሽ አንቺም አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ሰልፍ ላይ፣ በሁሉም መምህራን ፊት፣ «ወድቆ የተናገረ ተማሪ አይቀጣም፣ የወደቀበት ቦታ ክልክል ቢሆንም እንኳ» ብለው ያውጁ። ክልክል ቦታ መውጣቱ ቅጣት ቢያስፈልገው ሌላ ቀን በሌላ መንገድ ይታይ። ይህ ካልተባለ የቀረው ሁሉ ልፋት ነው።

ልጆቹ ጋ ስትመጪ «ደህና ነኝ ብዬ ተነሥቼ እየሮጥኩ ለምን እናገራለሁ?» ማለታቸው አይቀርም። ለዚህ ከተማችሁን ከሚያቋርጠው ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ የበለጠ መምህር የለሽም። የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፦ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው ላይ ኳስ እየተጫወቱ ጎርፉ ከላይ ይመጣል። ዝናቡ ከደጋው ቀድሞ ወርዷላ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሰው ተኝቶ ሳለ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለውን ጎርፍ እነሱ ባይደርሱበትም አያቶቻቸው ነግረዋቸዋል። ጭንቅላትም እንዲሁ ነው በያቸው። ሲመታ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ያለ ትንሽ የደም ሥር ሊቀደድ ይችላል። ደሙ ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም ልጁ ተነሥቶ ይጫወታል፣ ይስቃል፣ ምሳውን ይበላል፤ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚወድቀው። «ከላይ ዘንቦ ይሆናል» የምትለዋን ቃል በክፍሉ ውስጥ ልመጂያቸው። ወድቆ የተነሣ ጓደኛቸውን «ደህና ነኝ» ሲል «ከላይ ዘንቦ ይሆናል፣ ለቲቸር እንንገር» ይበሉት። ለሰባት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መሣሪያ የለኝም ብለሻል። አንድ ክዳን ያለው፣ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ዕቃ ይበቃሻል፤ የማር ወይም የለውዝ ቅቤ የነበረበት። ውጮቹ ለዚህ ሙከራ እንቁላል ወይም ሐብሐብ ይሰብራሉ። እኔ ግን ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ፊት እንቁላል አይሰበርም ባይ ነኝ፤ ልጁ ትምህርቱን ትቶ እንቁላሉን ነው የሚያየው። ቀፊራ ገበያ ለነገ የማይቆይ፣ በጣም የበሰለ ቲማቲም በርካሽ ታገኛለሽ። ቲማቲሙን ከትንሽ ውኃ ጋር ዕቃው ውስጥ ጨምረሽ ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊ። ዕቃውን ልጆቹ ይዳስሱት፤ ጠንካራ ነው፣ ይህ የራስ ቅል ነው። ውኃው በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ፣ ቲማቲሙ አንጎል። ከዚያ አንድ ልጅ በኃይል ያናውጠው። ዕቃው አንድም ጭረት አይታይበትም፤ ቲማቲሙ ግን ተተርትሮ ውኃው ይቀላል። «ውጭው ቆስሏል?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ዝም በይ። ደም ሳይታይ፣ እብጠት ሳይኖር ውስጥ ሊጎዳ እንደሚችል ራሳቸው ይሉታል። ይህን ባየሁባቸው ክፍሎች ሁሉ የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ አዲስ አይገባበትም?» የሚል ነው። አይገባም። የሞተ የአንጎል ሴል እንደ ተቆረጠ ቆዳ ተመልሶ አይገጥምም፤ የቀረው ክፍል የሱን ሥራ ለመማር ወራት ይፈጅበታል፣ አንዳንዴም አይሳካለትም።

ከሦስተኛ ክፍል በላይ ላሉት አንድ ቁጥር ጨምሪላቸው። የስድስት ዓመት ልጅ አንጎል በመጠኑ የአዋቂውን 90 በመቶ ያህል ደርሷል፤ የሚሸከመው አንገት ግን ገና የልጅ አንገት ነው። ልጅ ሲወድቅ ጭንቅላቱ የሚቀድመው ስለሚከብደው ነው። ይህን ስትነግሪያቸው ወንዶቹ ወዲያው አንገታቸውን መለካት ይጀምራሉ፤ ይለኩ።

ከዚያ ከክፍል አውጪያቸው፣ ግቢውን ዙሩ። የምለምንሽ ግን በጠዋት ይሁን፤ ከአራት ሰዓት በኋላ በድሬ ፀሐይ ማንም ምንም አይማርም። ጭንቅላት የሚመታባቸውን ቦታዎች እነሱ ይጠቁሙ፣ አንቺ ጻፊ። ካንቺ የበለጠ ያውቃሉ። የውኃ ታንከሩ መሰላል፣ የአጥሩ ግንብ፣ ተማሪ የሚገፋፋበት ደረጃ ብለው ይጠራሉ። አንዱን ግን ላይጠሩት ስለሚችሉ አንቺ ራስሽ እይው፦ መሬት ውስጥ ያልተተከለ የብረት ጎል። ልጆች አግዳሚው ላይ ይንጠለጠሉበታል፣ ይገለበጥና ራሳቸው ላይ ያርፋል፤ በብዙ አገር ሕፃናትን የገደለ ነገር ነው። የእናንተው እንዲያ ከሆነ ትምህርት አያስፈልገውም፣ ሲሚንቶ ነው የሚያስፈልገው።

ሮቃውስ? አቦ፣ ሮቃ እየተንጠለጠለ «አትውጡ» ማለት በከንቱ መድከም ነው! እኔ ርእሰ መምህር ብሆን የጥበቃ ሠራተኛው በየሳምንቱ ዓርብ በረጅም ዘንግ እያራገፈ ለልጆቹ እንዲያካፍል አደርግ ነበር። ከታች የሚደረስበት ቅርንጫፍ ይቆረጥ። ድንጋይ እየወረወሩ ማራገፍ ደግሞ ከመውጣቱም ይከፋል፤ የወረወረው ልጅ ይሸሻል፣ ድንጋዩ የሚያርፈው ሥሩ ሆኖ በሚለቅመው ታናሽ ልጅ ላይ ነው። አንዳንድ አደጋ በምክር ሳይሆን በዘንግ ነው የሚወገደው።

ባጃጅን በተመለከተ ልጆቹ የሚያዙበት ነገር ጥቂት ነው፤ ስንት ሰው እንደሚጫን የሚወስነው ሹፌሩና ወላጁ ነው። ይህን ለወላጆች ስብሰባ አቆዪው። ለልጆቹ የሚሆነው ይህ ነው፦ ከሹፌሩ ጎን አይቀመጡ፣ ጭንቅላትና እጅ ወደ ውጭ አያወጡ፣ በእግረኛው መንገድ በኩል ይውረዱ፣ ከወረዱ በኋላ ባጃጁ እስኪሄድ ቆመው ይጠብቁ። ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ብቅ ብሎ የሚሮጥን ልጅ የትኛውም ሹፌር አያየውም። ልጆች ደግሞ እስከ ዘጠኝና አሥር ዓመታቸው የሚመጣ መኪና ምን ያህል እንደፈጠነ በደንብ መገመት አይችሉም፤ አለመታዘዝ አይደለም፣ ዓይንና አንጎላቸው ገና አልተቀናጀም። ስለዚህ አንደኛና ሁለተኛ ክፍሎችን «ተጠንቅቃችሁ ተሻገሩ» ከማለት ትልቅ ሰው እጅ ይዞ እንዲያሻግራቸው ማድረግ ነው የሚያዋጣው። ተማሪ ትራፊኮቻችሁ በር ላይ ከሌሉ ክበቡን አስነሺው።

ሳይክል የሚከራዩት ትልልቆቹ ናቸው። ሄልሜት ጥቅም የለውም እንዳትያቸው፤ በደንብ የታሰረ የሳይክል ሄልሜት ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፣ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ደግሞ የጭንቅላት ጉዳትን 70 በመቶ ገደማ፣ ሞትን 40 በመቶ ገደማ። አከራዩ ጋ ግን ሄልሜት የለም፣ እነሱም የሚገዙበት የላቸውም። የሌላቸውን ነገር እየደጋገምሽ ብትነግሪያቸው የሚማሩት ትምህርቱ እነሱን እንደማይመለከት ብቻ ነው። ያላቸውን ንገሪያቸው፦ ብር ከመክፈላቸው በፊት ፍሬኑን ይያዙ፤ የኪራይ ሳይክል ፍሬን ብዙ ጊዜ የይስሙላ ነው። ሁለት ሆነው አይጫኑ፣ አስፋልት ላይ አይውጡ። ሄልሜቱን ለአባትና ለታላቅ ወንድም አቆዪው። ሞተር እየነዳ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ የሚያጠልቅ ሰው በየቤቱ አለ። «አባዬ፣ ክንድህን ነው ወይስ ጭንቅላትህን ነው የምትጠብቀው?» የምትል አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከትራፊክ ፖሊሱ የበለጠ ታስፈራዋለች።

ስለ ኳስም አንድ ነገር ልበል። ቴስታ የወንዶቹ ጀግንነት ነው፤ ኳስም በቴስታ፣ ጠብም በቴስታ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በልምምድ ላይ ኳስ በጭንቅላት እንዳይገጩ መመሪያ አውጥቷል። ኳሱን የፈጠሩት ሰዎች ለልጆቻቸው ይህን ካደረጉ የስፖርት መምህራችሁም ሊያስበው ይገባል። የጠቡን ቴስታ ግን ሳትለሳለሺ ከልክዪ፤ መቺውም ተመቺውም የሚጎዱበት ድብደባ እሱ ነው።

ዋናውን፣ መናገርን፣ በቃል ብቻ አታስተምሪው። አጫውቻቸው። አንዱ የወደቀ ይሁን፣ ሌላው ጓደኛው፣ ሦስተኛዋ መምህርት። የወደቀው «ለማንም እንዳትናገር፣ ማላ በለኝ» ይበል። ጓደኛውስ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ክፍሉ ሁለት ቦታ ይከፈላል። «ማላ ካልኩ ማላ ነው» የሚሉ አሉ፤ ይከራከሩ፣ አትቸኩዪ። የጓደኛን ምስጢር ማውጣት ነውር ነው ብለን ያሳደግናቸው እኛው ነን። ለዚህኛው ምስጢር የተለየ ፈቃድ ስጫቸው፤ የጭንቅላት ምስጢር አይጠበቅም። ወደ መጨረሻው ደግሞ ምን ሲያዩ መሮጥ እንዳለባቸው በጨዋታው ውስጥ አስገቢ፦ የተመታው ልጅ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰበት ከሄደ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ ከጠየቀ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ንጹሕ ፈሳሽ ከወረደ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ። መሬት ላይ ወድቆ የማይንቀሳቀስን ልጅ ግን እነሱ አያንሡት፤ አንገቱም ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሰው ይጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን በዜማ አስይዣቸው፤ ቁጥር በዜማ ከገባ አይወጣም። ሚኒ ሚዲያውም ይህን በአማርኛ ብቻ እንዳይለው፤ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛም ይድገሙት። ብዙዎቹ ቤት ገብተው ለእናታቸው የሚናገሩት በአማርኛ አይደለም።

የእንቅልፉን ጥያቄ ልመልስልሽ። «አታስተኙት» የሚባለው ከጥሩ ሐሳብ የመጣ ነው፤ ሰዎች የተመታ ሰው ተኝቶ ሳይነቃ ሲቀር አይተዋል። የሚገድለው ግን እንቅልፉ አይደለም፣ ውስጥ የሚጠራቀመው ደም ነው። ሐኪም አይቶት ቤቱ የተመለሰ ልጅ ይተኛ፤ የመጀመሪያውን አንድና ሁለት ቀን ዕረፍት ያስፈልገዋል። እናቱ በመጀመሪያው ሌሊት አጠገቡ ሆና አተነፋፈሱን ትይ፤ ቀስቀስ ስታደርገው እንደ ወትሮው ተነጫንጮ መልሶ ከተኛ መልካም ነው። መቀስቀስ ካቃታት ወይም ነቅቶ እሷን ካላወቃት ንጋትን አትጠብቅ። ሐኪም ላላየው ልጅ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይሰጥ፣ የደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉና፤ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። ቁስል ላይ ቡና መነስነስ የለም፤ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ መያዝ ነው፣ አጥንቱ የተሰረጎደ ከመሰለ ደግሞ ሳይጫኑ። ወጌሻ እጅ ሲዞር መገጣጠሚያ ላይ ያውቅበት ይሆናል፣ ጭንቅላት ግን አይታሽም።

አሁን ወደ ቁጡዋ እናት። «አታሟርቺ» ስትልሽ ልጇን ስለምትወድ ነው፤ አትከራከሪያት፣ ክፉ ነገር ስሙ ሲጠራ ይመጣል ብላ ያደገች ሴት በአንድ ቢሮ ውይይት አትለወጥም። ወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን በሚሰበሰቡበት ቀን፣ ወተመህ ሲጠራ፣ አንቺ አትናገሪ። የወደቀውን ልጅ እናት ለምኛትና፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ ያቺን ሌሊት እሷ ትንገራቸው። ልጇ ወድቆ እንደዋለ ሳታውቅ ራቱን እንዳበላችው፣ ማታ ሲያስታውክ ሆዱን ነው ብላ እንዳሰበች፣ ለምን እንዳልነገራት ስትጠይቀው ምን እንዳላት። እንዲህ ያለውን ከእናት አፍ ሲሰሙት ሟርት የሚለው የለም፤ ስብሰባው ውስጥ ያለች እናት ሁሉ ቤቷ ያለውን ልጅ ነው የምታስበው። እሷ ስትጨርስ ርእሰ መምህሩ ወላጆቹን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «ወደቅኩ» ብሎ የመጣ ልጅ በዚያ ቀን አይመታም። ቃል የሚገባ እጁን ያውጣ። ያቺ የተቆጣችው እናት ካወጣች ደግሞ ለጎረቤቶቿም እንድታዳርስ እሷኑ ሹሚያት፤ እንዲያ ያለ ጉልበት ያላት ሴት ከአንቺ ጋር ብትሆን ይሻልሻል።

ልጁ ራሱ ግን ሰልፍ ላይ ወጥቶ እንዲናገር አታድርጊ፤ ርእሰ መምህሩ ቢጠይቁሽም እንቢ በይ። በቲንክ ፈርስት ከሚናገረው ጎልማሳ ጋር አንድ አይደለም፤ ገና እያገገመ ነው፣ ከማግስቱ ጀምሮም ግቢው ሁሉ «ከሮቃ የወደቀው» ይለዋል። እናቱ ትናገር፣ ስሙም አይጠራ።